ከበረራ በፊት ሳል ሲይዝ የትኛው ራጅ፣ ለምን?

ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ለመብረር ቀን የተቆረጠለት ስደተኛ አንድ ነገር ይፈራል፤ ሳል። «ድንገተኛ ክፍል ሄጄ ራጅ ካነሱኝ በረራዬ ቀረ» ብሎ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል እያበረደ ዝም የሚለው ጥቂት አይደለም። ፍርሃቱ ይገባናል። የጤና ምርመራውም ሆነ የጉዞው ወረቀት የጊዜ ገደብ አለው፤ አንዱ ካለፈ እንደገና መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። ሆኖም በወሬው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ራጆች እየተምታቱ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ለማየት ወደድን።

ለጉዞ የሚነሳው ራጅ በዋናነት ቲቢ የሚፈለግበት ነው። የአሜሪካን የጤና መመሪያ ብንወስድ (ፕሮግራሙ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ለአብዛኛው ስደተኛ የቆመ ቢሆንም) ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ባያመውም ይነሳል። የድንገተኛ ክፍሉ ራጅ ግን ለታመመ ሰው ነው። ሐኪሙ የሚጠይቀው «አሁን ሳንባ ምች አለ ወይ?» ብሎ ነው። ከወር በፊት ለጉዞ የተነሳው ራጅ ንጹሕ ነበር ማለት ዛሬ የያዘው ሳል ቀላል ነው ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ ስሙ አያሳስተን፤ ዳማከሴ የሚታሽለት ምችና የሳንባ ምች አንድ አይደሉም።

ታዲያ ድንገተኛ ክፍል የሚሄድ ሁሉ ራጅ ይነሳል? አይነሳም። ሳል ያለበት ሕፃን ከሆነ መጀመሪያ የሚቆጠረው እስትንፋሱ ነው። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ እንደ ሳንባ ምች ተቆጥሮ ይታከማል። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ያለ ምንም ማሽን። ስለዚህ «ልጄን ራጅ ሳያነሱ አሞክሲሲሊን ብቻ ሰጥተው መለሱኝ» የምትሉ እናቶች፣ ያ ሁልጊዜ ቸልተኝነት አይደለም። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የደነዘዘ ልጅ ግን በአስቸኳይ ሆስፒታል ይግባ።

ለአዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚታዘዘው ተራ የደረት ራጅ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ጨረሩም ማንም ሰው ከአፈርና ከሰማይ በ10 ቀን ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ጉድለትም አለበት፤ በሽታው ገና ሲጀምር ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ አልጋ ድረስ ይመጣል፤ ብቻ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሲቲ ስካን ከሁሉም አጥርቶ ያሳያል፣ ጨረሩ ግን የ2 ዓመት ያህል ነው፤ ዋጋውም ከባድ ነው። በሽተኛው በጣም ታሞ ራጁ አልገልጽ ሲል የሚታዘዝ ነው። «ትልቁን ማሽን ካላሳዩኝ አልታከምኩም» ማለት በእኛ አስተያየት ገንዘብ መጣል ነው። እርጉዝ የሆነች ሴት ደግሞ አስቀድማ ትንገር፤ ሐኪሙ ካዘዘ ግን የደረት ራጅ አይከለከልም።

አሁን ወደ አየር ማረፊያው እንመለስ። አውሮፕላን ከፍ ሲል በውስጡ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ያህል ይሳሳል። ሀርጌሳ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በቦሌ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ወርዶም ያው ስስ አየር ነው የሚጠብቀው። ሳንባው የታመመ ሰው ይህን ደብቆ ቢሳፈር የሚጎዳው ራሱ ነው፤ አየር ላይ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል የለም።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ሰው ድኖም ጥላው ራጁ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር (አያታ) የሕክምና መመሪያ የሳንባ ምች ምልክት እያለበት የሚበርን ሰው ይከለክላል፤ ምልክቱ ከጠፋ ግን ጥላው ቢቀርም ለመሳፈር አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካ የሐኪሞች መመሪያም ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ምልክቱ የጠፋለት ሰው ለማረጋገጫ ብቻ ደግሞ ራጅ እንዲነሳ አይመክርም።

ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል የታከመ ሰው ራጁን፣ የወሰደውን መድኃኒት ስምና የጀመረበትን ቀን የያዘ ወረቀት ተቀብሎ ይውጣ፤ ከበረራ በፊት ለሚያየው ሐኪምም ያሳይ። በጉዞው ቀን ወረቀቱ ከሻንጣ ጋር አይጫን። በእጅ በሚያዘው የአይኦኤም ፕላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ።