ቁንዝላ አድራ ጎርጎራ የምትገባው መርከብ

የጎጃሟ አምበር ሰው በወንዝ አይታማም። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ አለ፤ ጨሞጋና ሌሎቹም ወንዞች ደጋውን እየሸነሸኑ ወደዚያው ይወርዳሉ። ሆኖም ከእነዚህ በአንዱም ላይ ተሳፍሮ ዘመድ ጥየቃ የሄደ የለም፤ ወንዝ ጎጃም ውስጥ የሚሻገሩት እንጂ የሚጓዙበት አይደለም። ነገሩ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚጨርሰው በፏፏቴ፣ በድንጋይና በጠባብ ገደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮች የመሩት ትልቅ የአሰሳ ቡድን በጎማ ጀልባ ወርዶታል፤ በጉዞውም ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ጎጃሜ በውሃ ላይ ተሳፍሮ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ በማግስቱ ካሰበበት መድረስ ካማረው ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ባሕር ዳር ወርዶ ጣናን መያዝ።

ለረጅም ዓመታት በሐይቁ ላይ የሠራችው የሕዝብ መርከብ በተለመደው መርሐ ግብሯ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ትነሣለች። ዘጌንና ደቅ ደሴትን ነክታ በምዕራቡ ዳርቻ ቁንዝላ ታድራለች፤ ሰኞ በደልጊ በኩል አድርጋ ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ትገባለች። ሐይቁ ከጫፍ ጫፍ ቢለካ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አንድ ቀን ተኩል ብዙ ይመስላል። መርከቧ ግን መሐሉን ሰንጥቃ አትሄድም፤ ዳር ዳሩን ነው። በየማረፊያው ሳንቃ ይዘረጋል። አንዱ የጌሾ እስር ተሸክሞ ሲወርድ ሌላው የዘጌ ቡና ይዞ ይወጣል፤ ዶሮዋን በክንፏ አንጠልጥላ የምትሳፈር ሴትም ሳንቃው እስኪለቀቅላት ትቆማለች። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ገባር ወንዞች የሚያመጡት ደለል ደግሞ የዳርቻውን ጥልቀት ይቀንሰዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። መብራት በሌለበት ዳርቻ ላይ በጨለማ እየተጠጉ ዕቃ ማራገፍ ለማንም አይመከርምና፣ ቁንዝላ ማደሩ የስንፍና ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው። ለመንገደኛው ያ ሌሊት የመዝናኛ ክፍያ የለበትም፤ ከጭነቱ ጋር የመጣ ነው።

ሐሳቤም ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ጉዞ በዕቃ ይኖራል፣ በዕቃ ማጣት ይሞታል። አገራችን ለዚህ የታወቀ ምስክር አላት። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተሰጠ፤ ጋምቤላም ወደብ ሆነች። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ቀናትና ሌሊቶች ተጉዘው ይደርሱ ነበር። ወደ ላይ ጨውና ጨርቅ፣ ወደ ታች የኢሉባቦር ቡና፣ ቆዳና ሰም ጫኑ። ውሃው አልጎደለም፤ መልክዓ ምድሩም አላስጠላም። የምዕራቡ ቡና በመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባ ፊቱን ሲያዞር፣ ሱዳንም በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ፣ መርከቦቹ ቀሩ። ለዕይታው ሲል ሊያድናቸው የመጣ ተሳፋሪ አልነበረም።

እንዲህ ከሆነ፣ አስፋልቱ የጣናንም መርከብ ይቀብራታል ይባል ይሆናል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅምና። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ጎንደር ለመድረስ ብቻ የሚሳፈር ሰው ዛሬ ተሳስቷል ማለት ይቻላል። ግን አስፋልቱ በምሥራቁ በኩል ያልፋል። ቁንዝላና ደልጊ በወዲያኛው ዳርቻ ናቸው፤ ደቅ ላይ ደግሞ አስፋልት የሚባል ነገር አይደርስም። የደሴቱ ሰው ሌላ አማራጩ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነው። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከየጉዞው በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ኩንታል ጭኖ በነፋስ ሐይቁን ማቋረጥ ደግሞ ድፍረት ነው። መርከብ የሚያግደው የእምቦጭ አረምም አለ የሚል ካለ፣ አለ፤ ይበልጥ የሰፈረው ግን በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከጉብኝት ሰዎች የሚመጣው ነው። ዶሮና ጌሾ ይውረድ፣ መኝታ ይግባ፣ መርከቡ የእንግዳ ይሁን ይላሉ። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራ ሪዞርት አለ፤ ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ ከጎኑም የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ የሚታይ አልጠፋም። ንጹሕ መኝታ መፈለጋቸውም ትክክል ነው። እንግዳ ግን ሰላም ሲደፈርስ መጀመሪያ የሚቀር ደንበኛ ነው፤ የደቅ ሰው ጨው መግዛቱን አያቆምም። በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ስትሠራ የኖረችውን ሊየምባ የተባለች መርከብ ያየ ይህን ይረዳል። ጀርመኖች በ1913 እ.ኤ.አ. ሠርተው፣ በሣጥን በሣጥን ከፋፍለው ኪጎማ ድረስ አምጥተው ገጣጠሟት፤ በ1916 ራሳቸው አሰጠሟት፤ እንግሊዞች በ1924 አወጧትና ከ1927 ጀምሮ እንደገና ሠራች። ወደብ በሌለው መንደር ፊት ስትቆም ትንንሽ ጀልባዎች ይከቧት ነበር፤ ደረቅ ዓሣና አናናስ ይጫን ነበር። ከአውሮፓ የሚመጣው መንገደኛ ይሳፈር የነበረውም ይህንኑ ለማየት ነው፤ ጭነቱ ቢወርድ እሱም ባልመጣ ነበር።

ጣናነሽ ሁለት የተባለችው አዲስ መርከብም ከጅቡቲ በየብስ ተጭና በ2017 ዓ.ም. ባሕር ዳር ገብታለች። ብዙ ሰው ትይዛለችና የሽርሽር ፍላጎቱን እሷ ትሸፍን፤ የቁንዝላው መስመር ግን ኩንታል የሚቆጥር መርከብ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ከጀርባው የተኛው ንጋት ሐይቅ ደግሞ ዓባይ ለሺህ ዓመታት የነፈገንን ሰፊና ጸጥ ያለ ውሃ አምጥቷል። እዚያም የአዳር ጉዞ ይጀመር የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ በፊት መጠናት ያለበት፣ ከዳርቻው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ማን ምን ጭኖ ወደየትኛው ገበያ እንደሚወጣ ነው።