ስለ ከርሰ ምድር ነፍሳት ስያሜ፦ «የአሸዋ ዝንብ» የሚለው ቃል ከኦቾሎ አንጻር ሲመረመር

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው የሚፈጽማቸው ስሕተቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ የተሳሳተ ስም ማንንም አይጎዳም። የሌሊት ወፍ ወፍ አለመሆኗን፣ ልጆቿን ጡት የምታጠባ እንስሳ መሆኗን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል፤ ስሟ ግን ሲያገለግል ኖሯል፤ ወደፊትም ያገለግላል። ከስሟ ተነሥቶ ቤቱን የሚያድስ ወይም ልጁን ከአንድ ቦታ የሚከለክል ሰው የለምና። ሰው ስሙን ሰምቶ አንድ ነገር የሚያደርግ ወይም ከማድረግ የሚቆጠብ ሲሆን ግን ስሕተቱ ከመዝገበ ቃላት ገጽ ወጥቶ ወደ ሰው ገላ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «የአሸዋ ዝንብ» የተባለው ስያሜ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ የጋሞ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት ጠርዝ፣ በዐለታማ ኮረብታ ላይ የሠፈረ መንደር ነው። በቤቶቹ አጠገብ ገደልና ዋሻ፣ የተሰነጠቀ ቋጥኝና የድንጋይ ክምር ይገኛል። በዚሁ ቋጥኝ ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል። የመንደሩ ሰዎች ቦልቦ የሚሉት፣ በሰሜኑ የአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ በዚህ ቦታ ከቆየ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። በሽታው በብዛት የሚታየው በልጆች ላይ ሲሆን፣ ቁስሉ የሚወጣውም ባብዛኛው በፊት ላይ ነው። ቁስሉ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በራሱ ሊድን ይችላል፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል። በአንዳንድ ሰው ላይም ሳይድን በገላ ሁሉ የሚሰራጭበት ጊዜ አለ።

አሽፎርድና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ስለዚህ በሽታ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትሙ ከመረመሯቸው ቦታዎች አንዱ ኦቾሎ፣ ሌላው በወሎ ኩታበር ነበር። በዚያው ዓመት የበሽታው መንሥኤ የሆነው ጥገኛ ተሕዋሲ ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ ተብሎ በአገራችን ስም ተሰየመ። ተሕዋሲውን በኦቾሎ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ይህን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በቅርብ ዓመታትም የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ጋር በመንደሩ ዋሻዎችና ቤቶች ውስጥ ይህንኑ ፍጥረት እየሰበሰቡ አጥንተዋል።

ስያሜውን ከመመርመራችን በፊት ስለ ተሰያሚው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፍጥረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚያህል፣ ገላው ጠጉራም፣ ሲያርፍ ክንፎቹን ወደ ላይ ከፍቶ የሚያቆም ነው። በረራው ደካማ ስለሆነ ከቦታ ቦታ የሚሄደው እየዘለለ ነው። ደም የምትመጠው እንስቷ ብቻ ስትሆን፣ የምትወጣውም ከምሽት በኋላ ነው። ቀን ቀን ጨለማና እርጥበት ባለበት ስንጥቅ ትሸሸጋለች። እንቁላሏን የምትጥለው በውሃ ላይ ሳይሆን በእርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ እጩም የበሰበሰ ነገር እየተመገበ ያድጋል። ፀሐይ በማይገባበት ዋሻ ውስጥ ተክል አይበቅልምና በዚያ የሚኖር ሁሉ የሚመገበው ከውጭ የገባውን ነው። ሽኮኮና የሌሊት ወፍ ፋንድያቸውን ይጥላሉ፤ ነፋስና ጎርፍ ቅጠል ያገባሉ፤ ይህንም ትላትልና ጥቃቅን ነፍሳት ይመገቡታል። እንግዲህ ሽኮኮው በዐለቱ ውስጥ ለእጩ ምግብ፣ ለእናቲቱ ደም፣ ለተሕዋሲው ማደሪያ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «የአሸዋ ዝንብ» ከእንግሊዝኛው ስም ቃል በቃል የተገለበጠ ጥምር ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ስም ራሱ ጠባብ ፍቺ የለውም፤ በኒው ዚላንድ፣ በአሜሪካም አንዳንድ ቦታዎች ከዚህ ፍጥረት ጋር የማይዛመዱ ሌሎች ተናዳፊ ነፍሳት በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለሆነም ተርጓሚው ቃሉን ሲያገኝ አስቀድሞ የትኛው ነፍሳት እንደተባለ ማጣራት ይኖርበታል።

የስያሜው የመጀመሪያ ክፍል «አሸዋ» ነው። በአገራችን ሌሽማኒያን የሚያስተላልፉት ዋና ዋና ዝርያዎች ግን የሚኖሩት በአሸዋ ውስጥ አይደለም። በመተማና በሑመራ ቆላ ካላዛርን የሚያስተላልፈው ዝርያ ከዋልካ አፈር ንቃቃት ጋር የተያያዘ ነው። በደቡብ፣ በኦሞና በወይጦ ሸለቆዎች ያለው ዝርያ በምስጥ ኩይሳ ይጠለላል። የኦቾሎውና የኩታበሩ የዐለት ዋሻና ስንጥቅ ወዳጆች ናቸው። ንቃቃት፣ ኩይሳና ዋሻ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ቢሆኑም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ ጨለማ፣ እርጥበትና ከነፋስ መጠለያ። አማርኛ ለዚህ ሁሉ የሚስማማ ቃል አለው፤ ይኸውም «ጎሬ» ነው።

ሁለተኛው ክፍል «ዝንብ» ነው። ዝንብ በተናጋሪው ልቡና ውስጥ የሚቀርጸው ሥዕል ቀን የሚበር፣ በምግብና በቁስል ላይ የሚያርፍ ፍጥረት ነው። ይህን የሰማ ሰው በሽታው የሚመጣው ዝንብ ቁስል ላይ ስላረፈ ሊመስለው ይችላል። በሥነ ሕይወት አመዳደብም ቢሆን ፍጥረቱ ከቤት ዝንብ ይልቅ ለወባ ትንኝ ይቀርባል። ስለዚህ «ትንኝ» የተሻለ ነው።

«የጎሬ ትንኝ» ስንል ግን የሚነሡብንን ሁለት ተቃውሞዎች መመለስ ይገባናል። የመጀመሪያው «ትንኝ ካልን ሰው ወባን አስቦ ውሃ ወደ ማፋሰስ ይሄዳል» የሚል ነው። ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው። ሆኖም «ጎሬ» የሚለው ገላጭ ሐሳቡን ከኩሬ ወደ ድንጋይና ወደ አፈር ይመልሰዋል፤ «አሸዋ» ግን ወደየትም አይመራም። ሁለተኛው «የአሸዋ ዝንብ» በጤና ትምህርት ጽሑፎች ተለምዷል የሚል ነው። ይህም እውነት ስለሆነ የተለመደው ስም ይሰረዝ አንልም፤ በመዝገበ ቃላት ከተመራጩ ቃል ጋር እየተመሳከረ ይቀመጥ እንላለን።

«ዋሻ» የሚለው ቃል ለምን አልተመረጠም? አማርኛ ተናጋሪ ዋሻ ሲባል ሰው የሚገባበትን፣ እንደ ባሌው ሶፍ ዑመር ያለውን ሰፊ ቦታ ያስባል። «ልጆቻችሁን ከዋሻ አርቁ» የሚል ምክር የተሰጠው የኦቾሎ አባት ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጠባብ ስንጥቅ ወይም የድንጋይ ካብ በምክሩ ውስጥ ላይቆጥረው ይችላል። ትንኟ ግን ጣት በምታስገባ ስንጥቅ ትሸሸጋለች።

በዚህ ረገድ የግሪኩ ቃል ይደግፈናል። ሺነር እ.ኤ.አ. በ1854 ጀምሮት ራኮቪትሳ በ1907 ያዳበረው የዋሻ እንስሳት ክፍፍል የተመሠረተበት «ትሮግሌ» መሠረታዊ ፍቺው ጉድጓድ ወይም ጎሬ ነው። ሦስቱን ክፍሎች «የጎሬ ነዋሪ»፣ «የጎሬ ወዳጅ»፣ «የጎሬ እንግዳ» ብንላቸው እንመርጣለን። ለመጀመሪያው «የጎሬ ተወላጅ» የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ነበር፤ ነገር ግን ከጎሬ ተወልዶ ሌሊት የሚወጣም ስላለ ትተነዋል።

ስለ ተዛማጅ ቃላትም ሁለት ማሳሰቢያ እንጨምራለን። «ሽኮኮ» በዐለት መካከል ለሚኖረው እንስሳ የተሰጠ ስም ነው። ጅራተ ረጅም ለሆነው የዛፍ እንስሳ ይህንኑ ቃል የሚጠቀሙ ተርጓሚዎች ስላሉ፣ በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ «የዐለት» የሚል ገላጭ ቢታከልበት ይበጃል። ሁለተኛም በልዩ ልዩ አካባቢዎች ቁስሉ የሌሊት ወፍ ሽንት ሲነካ የሚመጣ ነው ይባላል። ባለ አባባሉ ምንጩ ከዋሻ መሆኑን በሚገባ ተመልክቷል፤ የሳተው ከዋሻው ነዋሪዎች መካከል በዓይን የሚታየውን ስለከሰሰ ነው። ተርጓሚው ይህን ዕውቀት ማቃለል አይገባውም፤ ጣቱን ከሌሊት ወፏ ወደ ትንኟ የሚያዞር ቃል ማቅረብ ግን ይችላል።

በመጨረሻ የሚከተሉትን ፍቺዎች ለውይይት እናቀርባለን።

የጎሬ ትንኝ፦ በዐለት ስንጥቅ፣ በአፈር ንቃቃት፣ በኩይሳና በመሰለው ቦታ የሚራባ፣ እንስቷ ሌሊት ደም የምትመጥ፣ ሌሽማኒያን የሚያስተላልፍ ጥቃቅን ነፍሳት። «የአሸዋ ዝንብ»ም ይባላል።

የጎሬ ነዋሪ፦ ዕድሜውን ሁሉ በከርሰ ምድር የሚፈጽም፣ ብዙ ጊዜም ዓይኑንና የገላውን ቀለም ያጣ እንስሳ።

የጎሬ ወዳጅ፦ በከርሰ ምድርም ከከርሰ ምድር ውጭም ዕድሜውን ሊፈጽም የሚችል እንስሳ።

የጎሬ እንግዳ፦ በጎሬ የሚጠለል፣ ምግቡን ግን ወጥቶ የሚፈልግ እንስሳ። የሌሊት ወፍ ለዚህ ምሳሌ ናት፤ ያደገች የጎሬ ትንኝም ለዚህ ክፍል ትቀርባለች።

ቦልቦ የሚለውን የኦቾሎ ቃል በአማርኛ ለመተካት አንሻም። በየቋንቋው ያለው የበሽታው ስም እንዳለ ተመዝግቦ ከቁንጭር ጋር ቢመሳከር፣ የጤና ሠራተኛውና ታማሚው ስለ አንድ ነገር መነጋገራቸውን ያውቃሉ።