«ሳሙና ጠብ አድርጊበት»፦ ከጸረ ተባይ መድኃኒት ጋር ስለሚቀላቀለው ፈሳሽ

ሳልዋ በምሠራበት ቤት ግቢ ሦስት የተምር ዛፎች ነበሩ። በሐምሌ ሙቀት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማዳም በጀርባ የሚታዘል መርጫና አንድ ጠርሙስ አምጥታ «ሐዲቃውን ርጪ» አለችኝ። ረጨሁ። ፈሳሹ ግን ቅጠሉ ላይ አይቆምም፣ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል። «ሳሙና ጠብ አድርጊበት» አለች። የዕቃ ማጠቢያውን ሳልለካ ጨመርኩበት። አገር ቤት ጎመን ላይ ኦሞ በጥብጠው ሲረጩ አይቼ ስላደግሁ ምንም አልመሰለኝም። እውነትም ተጣበቀ።

የተጣበቀው ግን ቅጠሉ ላይ ብቻ አልነበረም። ከላይ የሚንጠባጠበው አንገቴንና ክንዴን አርሶኝ ነበር፣ ጓንትም አልነበረኝም። ማታ ምራቄ በዛ፣ ዓይኔ አነባ፣ አስመለሰኝ። «ሙቀት ነው የመታሽ» ተባልኩ፣ እኔም አመንኩ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ዓይኔን በባትሪ አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ዛሬ ምን ነክተሻል?» ብሎ ነው። የመድኃኒቱን ስም አላውቀውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተምር፣ የጎመንና የሽንኩርት ቅጠል ላዩ ሰም አለበት፣ ውሃ አይቀበልም። ሳሙና መሰል ፈሳሽ ሲጨመር ጠብታው ይዘረጋል፤ ዘይት ያለበት ዓይነት ደግሞ መድኃኒቱን በሰሙ አሳልፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የእኛም ቆዳ ቅባት አለው። ቅጠሉ ላይ የሚሠራው እኛም ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ላብ ሲኖር ይብሳል። ፈሳሹ ራሱም ሁሌ ንጹሕ አይደለም፦ ከአረም ማጥፊያው ግሊፎሴት ጋር ይቀላቀል የነበረን አንድ ዓይነት የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ከልክሏል።

ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው ፈሳሽ ጠርሙሱ ላይ በዓረብኛ «ማዳ ናሺራ» (የሚያሰራጭ) ወይም «ማዳ ላሲቃ» (የሚያጣብቅ) ተብሎ ይጻፋል። የዕቃ ሳሙና ምትኩ አይደለም። አረፋው ከመርጫው ይገነፍላል፣ በዚህ ሙቀት ቅጠሉንም ያቃጥላል። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ማጣበቂያው አብሮት ስላለ ምንም አይጨመርበትም። መለኪያው ጠርሙሱ ላይ አለ፤ ለምሳሌ ለ100 ሊትር 50 ሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ ለ10 ሊትር መርጫ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው (ማንኪያውን ወጥ ቤት እንዳትመልሱት)። መለያው ሌላ ካላለ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው።

የጨርቅ ጓንት ፈሳሹን መጥጦ ቆዳችሁ ላይ ያቆየዋል፤ ናይትሪል ወይም ወፍራም የጎማ ጓንት ጠይቁ፣ በዓረብኛ «ቁፋዛት» ነው። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ ንፋስ በሌለበት ማለዳ ርጩ። ኩዌት ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 5 እስከ ቀኑ 10፣ ፀሐይ ላይ መሥራትን ትከለክላለች። ዋፍራና አብደሊ እርሻ ላይ በ18 ቪዛ ያላችሁ ይህ ይመለከታችኋል። ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ደግሞ የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 68 አለ፦ አሠሪ ለጤና አደገኛ ሥራ ሊያሠራን አይችልም፣ ሕክምናችንም በእሱ ነው። ማዳም ፊት ቆሜ ሕግ መጥቀስ አልቻልኩም፣ እውነቱን ልናገር። በሚቀጥለው ግን «ቁፋዛት ከሌለ አልነካም» አልኩ፣ ጠዋት ላይም አደረግሁት። ተቆጣች፣ ገዛች።

መድኃኒቱ ከነካችሁ ልብሱን ወዲያው አውልቁ፣ ገላችሁን በብዙ ውሃና ሳሙና ታጠቡ። ዓይን ከገባ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ከጠጣችሁት በግድ አታስመልሱ። ምራቅ፣ እንባ፣ የተጨማደደ ብሌን፣ የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ «ሙቀት ነው» ቢሏችሁም 112 ደውሉ። ከመርጨታችሁ በፊት ጠርሙሱን ከፊትም ከኋላም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ያ ፎቶ ነው።