ያውቁ ኖሯል? የባቄላ ሥር ከአየር ማዳበሪያ ይሠራል

ማበብ የጀመረ ባቄላ ከነአፈሩ ቀስ አድርገው ነቅለው ሥሩን ይመልከቱት። ትናንሽ እባጮች ያዩበታል፤ በሽታ እንዳይመስልዎ። አንዱን በጥፍርዎ ሲሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ፣ ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ናቸው፤ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ እንዲስማማ አድርገው ይለውጡለታል፣ እሱም በምላሹ ስኳር ይመግባቸዋል። ቅላቱ የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን የመጣ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ግን ሥራ አቁመዋል።

ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ባይየሪንክ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ያወጣቸው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። ገበሬዎቻችንማ ባቄላን ከእህል ጋር እያፈራረቁ መዝራቱን የተማሩት ከአባቶቻቸው ነው።

ዛሬ እነዚሁ ባክቴሪያዎች ሕያው ማዳበሪያ ተብለው ይሸጣሉ፤ ከዘሩ ጋር ተለውሰው ይዘራሉ። ከገዙ ፀሐይ አያስነኩት፤ ለባቄላ የተዘጋጀውንም ለሽምብራ አይጠቀሙበት።