ለሩቅ ኢላማ ጥይት ሲመረጥ

ለሩቅ ኢላማ ጥይት የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። ከአፈሙዝ ፈጥኖ የወጣ ሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ ቀጥ ብሎም የሚሄድ ይመስለዋል። 100 ሜትር ላይ ይህ ግምት ብዙም አይጎዳም። ከ300 ሜትር በኋላ ግን ያሳስታል።

ሁለት የ5.56 ሚሊ ሜትር ጥይቶችን እናወዳድር። የአንደኛው አረር አጭርና 3.6 ግራም ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 975 ሜትር ያህል ይበራል። የሁለተኛው ረጅምና 5 ግራም ነው፤ አወጣጡ በሴኮንድ 840 ሜትር አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል አየር 550 ሜትር ተጉዘው ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀላሉ ወደ 430 ሲወርድ ከባዱ ገና 475 አካባቢ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ቢኖር ቀላሉን 1.3 ሜትር ያህል ይገፋዋል፤ ከባዱን ወደ 1 ሜትር። በውድድር ይህች ልዩነት ነጥብ ታስጥላለች።

ታዲያ ሁልጊዜ ረጅሙንና ከባዱን መግዛት ነው? አይደለም። አረር ለብቻው አይመረጥም። አፈሙዙ ሊያሽከረክረው፣ ካዝናውም ሊይዘው ይገባል። በእነዚህ ሁለት ወሰኖች ውስጥ የሚገባውን ረጅሙን አረር መፈለግ ነው የምርጫው ሥራ።

ቃላቱን እንለይ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጥይት» ስንል ሙሉውን ፍሬ ማለታችን ነው፤ ቀለሁን፣ በውስጡ ያለውን ባሩድ፣ ከታች ያለችውን መለኮሻና ከጫፍ የተሰካውን አረር። በርሮ የኢላማውን ወረቀት የሚመታው አረሩ ብቻ ነው።

አፈሙዙ ምን ያህል ያሽከረክራል?

የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። አረሩ በቦዩ ተይዞ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ እንዲሄድ የሚያደርገውም ይኸው ሽክርክሪት ነው። ነገሩ እንደ እንዝርት ነው፤ ፍጥነቱ ካነሰው ይንገዳገዳል። አረር በረዘመ ቁጥር ለመርጋት የሚፈልገው ሽክርክሪት ይጨምራል። ሰው ክብደቱን እያየ ይመርጣል እንጂ አፈሙዙን የሚያስቸግረው ርዝመቱ ነው።

በ305 ሚሊ ሜትር አንድ ጊዜ የሚያዞር የ5.56 አፈሙዝ 3.6 ግራሙን ያረጋጋል፤ 5 ግራሙን ግን አይችለውም። አረሩ እየተወዛወዘ ሄዶ ወረቀቱን በጎኑ ይመታል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ይሆናል። ለ5 ግራሙ በ203 ወይም በ178 ሚሊ ሜትር አንድ ጊዜ የሚያዞር አፈሙዝ ያስፈልጋል።

የራስን አፈሙዝ ለማወቅ የማጽጃ ዘንግ ይበቃል። በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ። ከዚያ በዘንጉ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ጠምጥሞ ወደ አፈሙዙ ማስገባት፣ ዘንጉ ላይ ምልክት ማድረግና ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር እየገፉ የገባውን ርዝመት መለካት ነው።

ካዝናው ምን ያህል ይይዛል?

አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ ነው። ካዝና አልነበረውም፤ ፍሬው አንድ በአንድ በእጅ ይገባል። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 25 ግራም እርሳስ ነበር፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ። እንዲህ ባለ ጠመንጃ የአረሩን ቅርጽ የሚወስነው ካዝና አልነበረም።

ካዝና ሲመጣ ቅርጹም አብሮ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የፈረንሳዮች ለበን ጠመንጃ ፍሬዎቹን የሚይዘው ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቧንቧ ውስጥ ሲሆን አንዱ ፍሬ ከሌላው ጀርባ ይሰለፋል። የኋለኛው አረር ጫፍ የፊተኛውን መለኮሻ ይነካል። ጫፉ ሹል ቢሆን ጠመንጃው ሲነቀነቅ ፍሬው እዚያው ቧንቧው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው የለበን አረር ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሠራ። ጠፍጣፋ ጫፍ ግን አየርን ስለሚገፋ ቶሎ ይደክማል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1898 ሹል ጫፍና ወደ ኋላ የሚጠብብ ጭራ ያለው 12.8 ግራም አረር ሲያወጡ በመለኮሻው ዙሪያ ክብ ቦይ ቀረጹ፤ የኋለኛው ሹል ጫፍ መለኮሻውን ትቶ እዚያ ቦይ ውስጥ እንዲያርፍ። ሩቅ የሚሄደውን አረር ካዝናው እንዲቀበል ለማድረግ የቀለሁን መቀመጫ ማስተካከል ግድ ሆነባቸው።

ሌላው መንገድ የማውዘር ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ከቤልጅግ የገዛችው ማውዘር አምስት ፍሬዎቹን እንጨቱ ውስጥ ጎን ለጎን ደርድሮ ይይዛል። የአንዱ ጫፍ የሌላውን መለኮሻ ስለማይነካ ሹል አረር ያለ ስጋት ይገባዋል። የቀረው ወሰን ርዝመት ብቻ ነው።

ዛሬም ወሰኑ ርዝመት ነው። የተለመደው የ5.56 ካዝና ከ57.4 ሚሊ ሜትር የረዘመ ፍሬ አይቀበልም። በአሜሪካ የወታደር ጠመንጃ ውድድር በ200፣ በ300 እና በ600 ያርድ፣ ማለትም በ183፣ በ274 እና በ549 ሜትር ይተኮሳል። በአጭሩና በመካከለኛው ርቀት በፍጥነት የሚተኮስበት ዙር ስላለ ፍሬው ከካዝና መውጣት አለበት፤ ብዙ ተወዳዳሪዎች እዚህ 5 ግራሙን ይጠቀማሉ። በሩቁ ዙር ፍሬው አንድ በአንድ በእጅ ስለሚገባ 5.2 ግራም አረር ያለውንና ከካዝናው የሚረዝመውን ፍሬ ይመርጣሉ።

ረጅም አረር ይዞ በግድ ካዝናው ውስጥ ለማስገባት የሚሞክር ሰው አረሩን ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ያደርጋል። ያን ጊዜ አረሩ የባሩዱን ቦታ ይወስዳል፤ ባሩዱ ካልተቀነሰ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ጠመንጃውን እስከ መሰንጠቅ ሊደርስ ይችላል። የአፍንጫው አሠራርም እዚህ ላይ ይታያል። ከወገቡ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጠብብ አፍንጫ ቦዩ ጋር ለመድረስ ትንሽ ክፍተት ቢዘልም ብዙ አይረበሽም። በድንገት የሚሾል ረጅም አፍንጫ አየርን የተሻለ ይሰነጥቃል፤ ነገር ግን ከቦዩ አጠገብ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል፤ ካዝና ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ከካዝና ለሚተኩስ ሰው የመጀመሪያው ዓይነት ያዋጣል።

ክላሽን በዚሁ መለኪያ ማየት ይቻላል። ሙሉው ፍሬ 56 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አረሩ 8 ግራም ያህል ሆኖ በሴኮንድ 715 ሜትር ይወጣል። አጭርና ወፍራም ስለሆነ 500 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል፤ በዚያ መሻገሪያ ላይ አረር ይናወጣል። ለቅርብ የተሠራ መሣሪያ ስለሆነ ጥይት ቢቀየርለትም ለሩቅ ኢላማ አይሆንም።

ፍሬ ከፍሬ እንዳይለይ

 በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ከአሞሌና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። በገበያ ፍሬው ሁሉ እኩል ይቆጠራል። በኢላማ ግን አንዱ ፍሬ ከሌላው በጥቂቱ ቢለይ ወረቀቱ ላይ ያሳብቃል።

ለውድድር የሚሠራ አረር ከወታደሩ የሚለየው በዚህ ነው። የተለመደው የወታደር አረር የመዳብ ልብሱ ከፊት ዝግ ነው፤ እርሳሱ በታች በኩል ይታያል። የውድድሩ ተቃራኒ ነው፤ ታቹ ሙሉ በሙሉ ዝግ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ጋዙ የሚገፋው ከታች ስለሆነ፣ ታቹ የተስተካከለ አረር ከጓደኞቹ ጋር አንድ መንገድ ይይዛል።

ሙከራውም በሦስት ፍሬ አያብቃ። ሦስት ቀዳዳ በአጋጣሚ ሊቀራረብ ይችላል። ከአንድ ጊዜ ምርት፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ካለው ሳጥን ቢያንስ አሥር መተኮስና ሁሉንም ቀዳዳ መቁጠር ያስፈልጋል። አምልጦኝ ነው ብሎ አንዱን መጣል ራስን ማታለል ነው።

የፎገራ አየር

ከውጭ የሚመጡ የጥይት ሠንጠረዦች ብዙዎቹ የተሰሉት ለባሕር ጠለል አየር ነው። የጣና ሐይቅ ወለል ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ወረታ ከተማና የፎገራ ሜዳም ከሐይቁ ብዙ አይርቁም። በሞቃት ቀን በዚህ አካባቢ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አረሩ የሚገጥመው ተቃውሞ ስለሚቀንስ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፤ ነፋስም የሚገፋው ያነሰ ነው። በሠንጠረዡ ብቻ ያነጣጠረ ሰው ከኢላማው በላይ ይመታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ልዩነቱ ይብሳል፤ አየሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ይሳሳል።

የሳሳ አየር አረርን ለማረጋጋትም ይረዳል። አፈሙዙ ለረጅሙ አረር በጭንቅ የሚበቃ ከሆነ ደጋ ላይ ደህና ሠርቶ ቆላ ሲወርድ ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ ምርጫውን በደጋ የፈተነ ሰው ቆላ ለመተኮስ ካሰበ እንደገና ይፈትን። ባሩድም ሙቀት ይወዳል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥይት ጥላ ሥር ከነበረው ግፊቱም ፍጥነቱም ይጨምራል።

ያመለጠው አረር የት ያርፋል?

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1926 ለ.30-06 ጠመንጃቸው ጭራው የሚጠብብ 11.2 ግራም አረር ተቀበሉ። አረሩ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ የቀድሞው 9.7 ግራሙ ግን 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይወድቅ ነበር። አዲሱ በጣም ጥሩ ስለነበር ከብዙ የልምምድ ሜዳዎች የአደጋ ክልል ያልፍ ጀመር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ቀላሉ 9.7 ግራም አረር የተመለሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። 

ለሩቅ ኢላማ የተሻለ ጥይት የመረጠ ሰው የበለጠ ኃላፊነትም መርጧል። ፎገራ ሜዳ ነው፤ ሩዝ የሚያርም፣ ከብት የሚጠብቅ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው የማይታይበት ሰዓት ጥቂት ነው። አረሩን የሚያስቀር ኮረብታ ወይም ከፍ ያለ የአፈር ክምር ከኢላማው ጀርባ በሌለበት የሚተኮስ ጥይት፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ፣ ትክክለኛ ጥይት አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝንም ይከለክላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ፈቃዱንና አረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ማረጋገጥ፤ ቀጥሎ አፈሙዙ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያዞር መለካት፤ ከዚያ ካዝናው የሚቀበለውን ርዝመት ማወቅ፤ በእነዚህ ውስጥ የሚገባውን ረጅሙን፣ ታቹ የተስተካከለውን አረር መምረጥ፤ በመጨረሻም በሚተኮስበት አየር ውስጥ በአሥር ፍሬ መፈተን። ፍጥነት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።