ስለ መንገድ ምግብ ሻጮች የንጽሕና ምልክት

በአገራችን ጠላ የሚሸጥበትን ቤት ለማወቅ ፊደል መቍጠር አያስፈልግም፤ በደጃፍ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋው ጣሳ ለመንገደኛው ሁሉን ይነግረዋል። ሥጋ ቤትም መስቀል ወይም ጨረቃ ሥሎ ደንበኛውን ይጠራል። እንግዲህ በጎሬና በመቱ ገበያ ሳምቡሳ፥ ቦንቦሊኖና የተጠበሰ በቈሎ ለሚሸጡት ሰዎች ንጽሕናቸው ተመርምሮ ምልክት ቢሰጣቸው፥ ሥዕሉ ምን መሆን ይገባዋል? ነገሩ የሠዓሊ ሥራ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ግን አይደለም።

አስቀድሞ የማይሆነውን እንናገር። ጤና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀይ መስቀልን ነው። ነገር ግን ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ በ1949 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ በተደረጉት ስምምነቶች የተጠበቁ ምልክቶች ናቸውና ለሳምቡሳ ሻጭ ሊሰጡ አይገባም። ቀለማቸው ቢለወጥ እንኳ፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚገበያይበት ከተማ አንዱ ወይም ሌላው «ይህስ የእኔ አይደለም» ብሎ ያልፋል። ጽሑፍም ብቻውን አይበቃም፤ ከገበያተኛው አማርኛ የሚያነብ፥ ኦሮምኛ የሚያነብ፥ ከቶም የማያነብ አለና።

በእኔ አስተያየት ከማንቆርቆሪያ በሚወርድ ውሃ ሥር የተዘረጉ ሁለት እጆች ይሻላሉ። ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ የቤታችን ልማድ ስለ ሆነ አስተርጓሚ አያሻውም። መሥመሩ ወፍራም፥ ቀለሙ አንድ ይሁን፤ ከመንገድ ማዶ መታየት አለበት። በኢሉባቦር ዝናብ ወረቀት አይበረክትምና በቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም ይሣል።

ከሥዕሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን፥ ምልክቱን ሲያስፈልግ የሚያነሣው ማን ነው የሚለው ነው። ሲንጋፖር በ1997 እ.ኤ.አ. ምግብ ሻጮችን ከ«ኤ» እስከ «ዲ» በሚደርስ ደረጃ ለይታ ፊደሉን በየመደብሩ ማሳየት ስትጀምር፥ ደረጃው በምርመራ ከፍና ዝቅ የሚል ነበር። ምልክት ተሰጥቶ ተመልካች ካጣ፥ የበሰለውን ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ የሚያቈይ ሻጭ ከጠንቃቃው ጋር እኩል ይታመናል፤ በተቅማጥ የሚወድቀውም ምልክቱን አምኖ የበላው ሕፃን ነው። ስለዚህ ምልክቱ የሚያበቃበት ወር በቆርቆሮው ግርጌ በጕልህ ይጻፍ፤ ወሩ ካለፈም ገዢው ራሱ ይጠይቅ።

መምህራን ሆይ፥ ሥዕሉን ተማሪዎቻችሁ ይሣሉትና ምንም ሳይናገሩ በገበያ ለአሥር ሰዎች ያሳዩት። ሦስቱ «ሻይ ቤት ነው» ካሉ ማንቆርቆሪያው ቀርቶ ሌላ ይሣል።