በማኅደር ያሉ ጥንታዊ የወታደር ፎቶግራፎች፦ ከመወልወልዎ በፊት

ጥንታዊ ዕቃዎችን በሚሰበስቡ ሰዎች ቤት የሚሠሩ ወገኖች ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ብዙውን ጊዜ በቆዳ የተለበጠ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ማኅደር ያጋጥማቸው ይሆናል። ሲከፈት በአንድ ወገኑ ሐር ወይም ከፋይ፣ በሌላው ወገን በናስ ክፈፍና በመስተዋት ሥር የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ይታያል። አቧራውን ለማንሣት ብሎ መስተዋቱን አውልቆ ምስሉን በጨርቅ ማሸት ግን ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ የቆየን ፊት በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል።

ምክንያቱ የምስሉ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕ ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ ዘንበል ሲያደርጉት እንደ መስተዋት ያበራል፣ ምስሉን ለማበላሸትም የጣት ንክኪ ይበቃዋል። በ1850ዎቹ የተከተለው አምብሮታይፕ በብርጭቆ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ከኋላው ጥቁር ነገር ካልተደረገለት ምስሉ በወጉ አይታይም። ቲንታይፕ ደግሞ በቀጭን ብረት ላይ ስለሚሠራ ማግኔት ይስበዋል። ሦስቱም በቀጥታ በሰሌዳው ላይ የሚነሡ ናቸው፤ እንደ ኋለኛው ፎቶግራፍ ሌላ ቅጂ የሚታተምበት ኔጋቲቭ የላቸውም።

ብዙዎቹ ምስሎች እንደ መስተዋት ግራና ቀኛቸው የተገላበጠ ነው። ስለዚህ በግራ ጎን የታጠቀ ሰይፍ በቀኝ ይታያል፣ በመታጠቂያው ላይ ያለ ፊደልም ወደ ኋላ ይነበባል። ይህን ያላስተዋለ ሰብሳቢ ወታደሩን ግራኝ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

እንዲህ ያሉ የወታደር ምስሎች በብዛት የሚገኙት ከ1861 እስከ 1865 ከተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት ከተዋጉት መኮንኖች አንዳንዶቹ በኋላ በግብፁ ኬዲቭ እስማኤል ተቀጥረዋል፤ ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ በ1876 የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ድል ባደረገበት በጉራዕ ጦርነት ከግብፅ ጦር ጋር ነበሩ። በ2010 ከእነዚህ ምስሎች ብዙ መቶዎችን በስጦታ የተቀበለው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የበርካታዎቹን ባለቤቶች ማንነት ለይቶ አያውቅም። ማኅደሩ ፊትን ይጠብቃል እንጂ ስምን አይጠብቅም።

ስም እንዴት እንደሚጠፋ ከመካና ከጅዳ ታሪክ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። የሁለቱ ከተሞች ቀደምት ፎቶግራፎች በማኅደር የተያዙ አልነበሩም፤ በብርጭቆ ተነሥተው በወረቀት ይታተሙ ነበር። የግብፅ ጦር መኮንን የነበሩት ሙሐመድ ሳዲቅ ቤይ በ1861 መዲናን፣ በ1880 መካን አነሡ፤ በ1881ም በቬኒስ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። የእርሳቸው ስም ቆይቷል።

የመካው ሐኪም አስ-ሰይድ አብዱልገፋር ዕድል ግን ሌላ ነበር። በ1884 ጅዳ የደረሱት ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ሁርግሮንዬ በሚቀጥለው ዓመት ከመካ ሲባረሩ ካሜራቸውን ለሐኪሙ ተዉ። ሐኪሙም ያነሡትን በጅዳ በነበረው የሆላንድ ምክትል ቆንስል በኩል ወደ ላይደን ላኩ። በምስሎቹ ላይ በዐረብኛ የጻፉት ፊርማ ግን ምስሎቹ በ1889 በአውሮፓ ሲታተሙ ተፍቆ ወጣ፤ ሥራቸውም ለረጅም ጊዜ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ኖረ። እንግዲህ አንድን ሥራ ከባለቤቱ ለመለየት ትንሽ መፋቅ በቂ ሆኖ ነበር።

ማኅደር ያገኘ ሰው ሳያጸዳ ዘግቶ ለባለቤቱ ይንገር። ምስሉን ከመስተዋቱ ጋር የሚያሽገውን የወረቀት ጠርዝ መቅደድ አይገባም፤ የጅዳ እርጥበት አዘል አየር ከገባ ብሩ ይጠቁራል፣ ብረቱም ይዝጋል። ማኅደሩን ከመታጠቢያ ቤትና ከፀሐይ ርቆ በሚገኝ ቁም ሣጥን ማኖር ይበጃል። ከምስሉ ጀርባ የታጠፈ ወረቀት ወይም የፀጉር ቁራጭ ሊገኝ ስለሚችል፣ መክፈት ካስፈለገ ባለሙያ ይክፈተው። የተነሺውን ስም የሚያውቅ ካለ በእርሳስ በሌላ ወረቀት ጽፎ ከማኅደሩ ጋር በአንድ ሣጥን ያኑረው፤ በማኅደሩ ላይ ግን አይጻፍ።